ጴጥሮስ ታቦር ላይ ቸኮለ፤ እኛስ?

ቡሄ ሲመጣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሙልሙሉ ነው። ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ማብራቱ፣ ጅራፍ ማጮኹ፣ በየደጁ ሆያ ሆዬ እያሉ መዞሩ። ማግስቱን ደግሞ የአብነት ተማሪዎች ከየቤቱ ባሰባሰቡት እህል ጠላና ዳቦ አዘጋጅተው በዓላቸውን ያከብራሉ። ለደብረ ታቦር ከተማ ልጅ ነገሩ እጥፍ ነው፤ በዓሉም ደብረ ታቦር፣ አገሩም ደብረ ታቦር!

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን፣ ከተማችን ስሙን የወሰደበት ተራራ ላይ ምን እንደሆነ ብንጠየቅ «ጌታ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ነው» ከማለት አልፈን የምንመልስ ስንቶቻችን ነን? እኛም ብንሆን አንድ አሳፋሪ ነገር ባይገጥመን ኖሮ ምዕራፉን ገልጠን ባላነበብነው ነበር። ስለ አሳፋሪው ነገር ትንሽ ቆይተን እንመጣበታለን። አስቀድመን ወደ ተራራው እንውጣ።

ታሪኩ በማቴዎስ 17፣ በማርቆስ 9 እና በሉቃስ 9 ይገኛል። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ተራራ ወጣ፤ በፊታቸውም መልኩ ተለወጠ፤ ሙሴና ኤልያስም ተገለጡ። እስከዚህ ያለውን ሁላችንም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ልብ የማንለው ቀጥሎ ያለውን ነው። ጴጥሮስ አፉን ከፈተ። እዚሁ መኖር ይሻለናል፤ ሦስት ዳስ እንሥራ አለ። ልብ በሉ፤ ጴጥሮስ ክፉ ቃል አልተናገረም። ማንንም አልሰደበም፤ አልዋሸም፤ አላማም። ንግግሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ሉቃስ ግን ነገሩን ሸፍኖ አላለፈውም፤ ሰውየው ምን እንደሚል ሳያውቅ እንደተናገረ ጨምሮ ጻፈበት። ማርቆስ ደግሞ ምክንያቱን ነገረን፤ ደንግጠው ስለነበር የሚለው ጠፍቶት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ሆነ። ጴጥሮስ ገና ሳይጨርስ ደመና ጋረዳቸው፤ ከደመናው የመጣው ድምፅ የሰጠው ትእዛዝም አንድ ብቻ ነበር፤ እንዲሰሙት። ከተራራው ሲወርዱ ደግሞ ጌታ ያዩትን እስከ ትንሣኤው ድረስ ለማንም እንዳይናገሩ አዘዛቸው። አንድ ተራራ ላይ ሦስት ትምህርት ማለት ነው፤ የሚሉትን ሳያውቁ ስለ መናገር፣ ስለ መስማት፣ ጊዜው እስኪደርስ ዝም ስለ ማለት። በየዓመቱ ጅራፍ የምናጮኸው የዚህን ተራራ በዓል ለማክበር ነው። ጅራፉን ወደነዋል፤ ትምህርቱን ግን የረሳነው ይመስለናል።

ያሳፈረን ነገር

እኛ አንድ አገር ያሳደገን ጓደኛሞች አነስተኛ ማኅበር አለችን። ግማሻችን ደብረ ታቦር፣ ግማሻችን ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ነን። ከጉና የሚወርደው ብርድ ለማንም የሚራራ አይደለምና፣ በየዓመቱ ገንዘብ አዋጥተን ለቆሎ ተማሪዎች ብርድ ልብስ እንገዛለን። ገንዘቡን የሚይዙልን በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

አንድ ክረምት ጋሼ ሒሳቡን በቀጠሮው ቀን አላቀረቡም። ስልክ ቢደወል አይነሣም። ሁለት ሳምንት አለፈ። ይሄኔ ከመካከላችን አንዱ በቴሌግራም የጋራ መወያያችን ላይ አንድ ጥቅስ ለጠፈ። ከዮሐንስ ወንጌል፣ ከረጢት ይይዝ ስለነበረው ስለ ይሁዳ የሚናገረውን። ስም አልጠራም። «ለማስተዋል ያህል» ብሎ ብቻ አለፈ። ሌሎቻችን ምን አደረግን? አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ የአውራ ጣት ምልክት ሰጠ፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ አየ። አንዱም «ተው» አላለም። ጋሼ አነበቡት። አንዲት ቃል ሳይመልሱ ከመወያያው ወጡ።

ኋላ እንደሰማነው ጋሼ በእነዚያ ሳምንታት ባለቤታቸውን ባሕር ዳር ሆስፒታል ያስታምሙ ነበር። ሒሳቡ በደብተር ተጽፎ፣ ደረሰኙ ተያይዞ፣ ገንዘቡ ሳንቲም ሳይጎድል ተቀምጧል። ሦስት ሆነን ይቅርታ ልንጠይቅ ቤታቸው ሄድን። ቡና አፈሉልን፤ ደብተሩንም አስረከቡን። ስንወጣ በር ላይ ቆመው እንዲህ አሉን፤ «ገንዘቡን ቆጥራችሁ ተረክባችኋል። የእኔን ስም ደግሞ ማን ቆጥሮ ያስረክበኛል?»

መልስ አልነበረንም። እስከ ዛሬም የለንም።

ነገሩ አላስተኛን ሲል ለአንድ የመጽሐፍ መምህር ሄደን አማከርናቸው። የኔታ ሰምተው ሲያበቁ አልተቆጡም፤ ጠየቁን እንጂ።

«ጥቅሱን ከየት አመጣችሁት?»

«ከዮሐንስ ወንጌል ነው፣ የኔታ።»

«ንባቡን አመጣችሁት። ትርጓሜውንስ?»

ተያየን።

«አያችሁ ልጆቼ፣ ንባብ ብቻውን ይዞ ፍርድ የሚቀመጥ ሰው ያስፈራኛል። አንድም አላላችሁማ! ሰውየው ዘግይቶ ከሆነ አንድም ታሞ ይሆናል፤ አንድም የታመመ ኖሮበት ይሆናል፤ አንድም ስልኩ ጠፍቶ ይሆናል፤ አንድም በልቶት ይሆናል። እናንተ የመጨረሻይቱን ይዛችሁ ሮጣችሁ።»

«አንድም» የሚባለው ጥበብ

ይህ የየኔታ ንግግር ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈን። ደቡብ ጎንደር ባለ ብዙ ጉባኤ አገር ነው። ድጓን አጥንቶ ለማስመስከር ከየአቅጣጫው የሚኬድበት ቤተ ልሔም ያለው ጋይንት ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም እዚያው አካባቢ ነው። ከእነዚህ ጉባኤዎች አጠገብ አድገን እንኳ፣ ሊቃውንቱ መጽሐፍን እንዴት እንደሚያነቡ አልጠየቅንም። እኛ ስናነብ የምንፈልገው ጥቅስ ነው። ስልካችን ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ጭነናል፤ «ሞኝ» ብለን እንፈልጋለን፣ አሥር ጥቅስ ይመጣልናል፣ አንዱን መርጠን በማንወደው ሰው ላይ እንወረውራለን። ድንጋይ ለቀማና መጽሐፍ ንባብ ተደባልቆብናል።

የአብነት ትምህርት ቤቱ መንገድ ሌላ ነው። ሕፃኑ ገና ንባብ ቤት ሳለ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍና ወዳቂ የሚባሉትን የአነባበብ ዓይነቶች ይማራል። የሚነሣውን ቃል ከጣለው፣ የሚወድቀውን ካነሣው ምሥጢሩ ይፋለሳል፤ መምህሩም ያስቆመዋል። ፊደሉ ልክ ነው፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው፤ ግን ተሳስቷል። እንግዲህ ይህ ልጅ ከትርጉም በፊት የሚማረው ነገር ቢኖር፣ አንድ ቃል እንደ አባባሉ ሊያድንም ሊያጠፋም እንደሚችል ነው።

በአማርኛችንም ያው ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። «እርሱ ነገ ይመታል» የሚለውን በሉ እስኪ አንብቡት። አላልታችሁ ካነበባችሁት ሰውየው ሌላውን ሊመታ ነው፤ አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ተመቺው ራሱ ነው። መቺና ተመቺ የሚለዩት በድምፅ ብቻ ነው! ፊት ለፊት ስንነጋገር ጆሮ ይህን ይለየዋል፤ ዓይን፣ ፊትና እጅም ያግዙታል። በስልክ መልእክት ግን ድምፅ የለም፤ ፊት የለም። አንባቢው በልቡ ያለውን ድምፅ ነው የሚሰጠው። ቂም ያለው በቂም ያነበዋል፤ ፍርሃት ያለው በፍርሃት። ስለዚህ በጽሑፍ የምንነጋገር የዚህ ዘመን ልጆች ከአባቶቻችን ይልቅ መጠንቀቅ ሲገባን፣ ከእነርሱ ያነሰ የምንጠነቀቅ እኛው ሆንን።

ተማሪው ንባቡን፣ ዜማውንና ቅኔውን አልፎ መጽሐፍ ቤት ሲገባ ደግሞ «አንድም»ን ያገኛል። ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ መጻሕፍተ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት በዚህ መንገድ ይተረጎማሉ። መምህሩ ንባቡን ይላል፤ አንድ ትርጓሜ ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ያመጣል፤ እንደገና «አንድም» ይላል። ይህ ማለት ሁሉም ትርጉም እኩል ነው፣ እውነት የለም ማለት አይደለም። የሚስማማውን ከማይስማማው መለየትም አለ። ነገር ግን ከመለየት በፊት መስማት ይቀድማል። አንዱን ትርጓሜ ይዞ ከጉባኤው ተነሥቶ የሚሮጥ ተማሪ የለም፤ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ይሰማል።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይኸው ነው፤ ከመጽሐፍ ጥበብን መፈለግ ማለት ጥቅስ መልቀም አይደለም። በመጽሐፉ ፊት «አንድም» ማለትን የለመደ ሰው በሰው ፊትም «አንድም» ይላል። ጓደኛው ሰላም ሳይለው ሲያልፍ «ንቆኛል» ከማለቱ በፊት «አንድም አላየኝ ይሆናል» ይላል። ሊናገር ሲልም «እኔ ይህን ለማለት ፈልጌ ነው፤ ሰሚው ግን አንድም ምን ብሎ ይሰማው ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። የአፍ ጥንቃቄ ማለት ለእኛ ይህ ነው።

«አፍ ዳገት አይፈራም»

እዚህ ላይ «እናንተ ልጆች፣ የጎንደርን ሰው አፍ ልትለጉሙ ነው እንዴ?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፤ አገራችን የአፍ አገር ነው። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና የወጡት ከዚሁ ምድር አይደለምን? አለቃ ሊቅ ነበሩ። ዛሬ የተክሌ አቋቋም የሚባለውም ከእርሳቸው የተገኘና በልጃቸው በአለቃ ተክሌ በኩል ደብረ ታቦር ላይ የጸና ነው። ሕዝቡ ግን በይበልጥ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። ምላሳቸው ሰላ ያለ፣ ንጉሥ የማይፈራ፣ ሰምና ወርቁን አዋዶ የሚወጋ ነበር ይባላል።

ነገር ግን በስማቸው ከሚነገሩት ቀልዶች ስንቱ የራሳቸው ነው? ማንም የፈጠራትን ብልግና «አለቃ ገብረ ሐና እንዲህ አሉ» ብሎ መጀመር ልማድ ሆኗል። ዜማ የደከሙበት፣ መጽሐፍ ያስተማሩበት ሕይወት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ያልተናገሩት ቃል ፊት ለፊት ቆመ። የሞተ ሰው «አላልኩም» ማለት አይችልም። በሰው አፍ ውስጥ ያላለውን ቃል መጨመርም የአንደበት ኃጢአት ነው፤ ሥዕል ቆራርጠን፣ ንግግር መሐል ለመሐል ቆርጠን የምንለጥፍ ሁሉ እንወቀው።

ደግሞም ሰምና ወርቅ የተፈጠረው ለስድብ መሸሸጊያ ብቻ አይደለም። ወርቁን ለማግኘት ሰሚው ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ጥበብ ነው። ቅኔ «አንድም» የሚለውን አድማጭ ይፈልጋል። የዛሬው አሽሙራችን ግን ማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም፤ ወርቅ የሌለው ሰም ነው።

አንድ መጽሐፍ ያመጣው መዘዝ

የቃልን ክብደት ለማየት ከደብረ ታቦር ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከከተማው አጠገብ ጋፋት አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩበት። ስለ መድፉ ሁላችንም ሰምተናል። በዚያው ዘመን ስለተጻፈች አንዲት ነገር ግን እምብዛም አይወራም።

ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ ቤተ እስራኤልን ሊያስተምር መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ አገራችን መጣ። ወደ አውሮፓ ተመልሶም ስላየው ነገር በ1862 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ አስገባ። ይህ ወሬ የንጉሡ ጠላቶች ሲሰድቧቸው የኖሩበት፣ ቁስላቸውን የሚነካ ቃል ነው። ለስተርን ምናልባት ለአንባቢ የምትጣፍጥ አንዲት መስመር ነበረች። ይናገርላታል ብሎ ያሰባት አገር ሩቅ ናት፤ ማን አይቶት!

ስተርን ተመልሶ መጣ። በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ከንጉሡ ፊት በቀረበ ጊዜ ነገሩ ተበላሸ፤ ከአገልጋዮቹ ሁለቱ ተደብድበው ሞቱ። እርሱም በድንጋጤ እጁን ወደ አፉ ቢወስድ እንደ ዛቻ ተቆጠረበትና ተደበደበ። ቀጥሎ ጽሑፎቹ ተመረመሩ፤ ስለ ንጉሡ የጻፈው ተተርጉሞ በጉባኤ ተነበበበት፤ በሰንሰለት ታሰረ። የታሰሩት አውሮፓውያን ጉዳይ እያደር ተባብሶ የእንግሊዝን ጦር እስከ መቅደላ አመጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል።

ጦርነቱን ያመጣው አንድ መጽሐፍ ነው ብለን አንዋሽም። ዋናው ምክንያት ሌላም ዝምታ ነበር፤ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ለዓመታት መልስ አጣ። ለካስ መናገር ብቻ ሳይሆን መመለስ ሲገባ ዝም ማለትም ያቆስላል። እኛን የከነከነን ግን ሌላ ነው። ስተርን መጽሐፍ ቅዱስ ሊያስተምር የመጣ ሰው ነው። ቴዎድሮስም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፣ ዳዊት የሚያነቡ፣ ለመቅደላው መድኃኔ ዓለም ብዙ የብራና መጻሕፍት የሰበሰቡ ንጉሥ ነበሩ። ሁለቱም ዘንድ መጽሐፉ ነበረ። አንዱ ግን እጁን ከብዕሩ፣ ሌላው እጁን ከዱላው አልሰበሰበም። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ አልጻፉም፣ አልተሰደቡም፤ ሁለቱ አገልጋዮች ናቸው። ስማቸውን እንኳ የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ?

ዛሬስ?

«ይህ የድሮ ነው» የሚል ካለ ቅርብ ወደሆነው እንምጣ። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ሁላችንንም ባስፈራን ሰሞን፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር በነበሩት በፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ላይ ፌስቡክ ላይ ክስና ዛቻ ተለጠፈ፤ ፎቷቸው ጭምር። ትግራዋይ ነበሩ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደጃቸው ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው አስቀድሞ አመልክቶ እንደነበር ተናግሯል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

ኩባንያው ይጠየቅ፤ ደግ ነው። ነገር ግን የለጠፈው እጅ የማን ነው? ያጋራው፣ የሳቀው፣ የአውራ ጣት ምልክት የሰጠው ማን ነው? ከመካከላቸው ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ የገባ አይኖርም? እኛ ጋሼን በቴሌግራም ስናሳፍር ያደረግነውና ይህ ነገር በመጠኑ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ አመሉ ግን አንድ ነው። አንዱን ትርጉም ይዞ መሮጥ፣ «አንድም» ሳይሉ መፍረድ፣ አይቶ ዝም ማለት።

ያን ሰሞን ሁላችንም ፈርተን እንደነበር አንክድም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ በቡሄ ሰሞን፣ ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታ ሰው ሞቶባታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን ብዙ ደም ፈስሷል። የፈራ ሰው አፉን መጠበቅ ይቸግረዋል። ማርቆስም ስለ ጴጥሮስ የነገረን ይህንኑ አይደል? ደንግጦ ነው የተናገረው። ለዚህ ነው ፍርሃት ሲበዛ የአፍ ጥበቃውም መብዛት ያለበት። መጽሐፈ ሲራክ በ28ኛው ምዕራፍ በሰይፍ ከሞቱት በምላስ የጠፉት እንደሚበዙ ያስጠነቅቃል። እኛ አገር ደግሞ ምላሱና ሰይፉ ተከታትለው ነው የሚመጡት።

ታዲያ ዝም እንበል?

በጭራሽ! ይህን ጽሑፍ አንብቦ «አያችሁ፣ ወጣቱ ዝም ይበል ነው የሚሉት» የሚል ባለሥልጣን ወይም ሽማግሌ ካለ አልተግባባንም። «አፍህን ሰብስብ» የሚለው ምክር በአገራችን ለስንት በደል መሸፈኛ እንደሆነ እናውቃለን። አገሪቱ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አላት። ሕግ ግን የሰውን አፍ በፍርሃት ይዘጋ ይሆናል እንጂ ልቡን «አንድም» አያስተምረውም። በፍርሃት የተዘጋ አፍ ደግሞ የተከፈተ ቀን የሚያወጣውን አያድርስ ነው።

መጽሐፉ ራሱ ዝም በሉ ብቻ አይልም። ምሳሌ 31 መናገር ለማይችለው አፍን መክፈት እንደሚገባ ያዛል። ነቢዩ ናታንን ተመልከቱ። ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ባሏን አስገድሏል፤ ማን ይናገረው? ናታን ዝም አላለም። ግን ገብቶም አልተሳደበም። ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በግ ታሪክ ነገረው። ንጉሡ ራሱ ተቆጥቶ ፈረደ። ያኔ ናታን ያ ሰው አንተው ነህ አለው። ይህ ሰምና ወርቅ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው! ናታን እውነቱን አንዲት ቃል አልቀነሰም፤ ቃሉን ግን ሰውየው እንዲመለስበት አድርጎ አበጀው፤ እንዲሞትበት አይደለም። የእኛን ቃል መመዘኛ እዚህ ላይ አገኘነው፤ የምንናገረው ሰውየው እንዲመለስ ነው ወይስ እንዲጠፋ? ለጋሼ የለጠፍነው ጥቅስ ሒሳቡን እንዲያመጡ አልነበረም። ደውለን መጠየቅ፣ ቤታቸው መሄድ እንችል ነበር። የፈለግነው መሳቅ ነው።

እኛ ከዚያ ወዲህ በማኅበራችን ቀላል ደንብ አወጣን። በሰው ላይ ጥቅስ አይለጠፍም። ጥያቄ ያለው መጀመሪያ ለሰውየው ለብቻው ይደውላል፤ ካልተገኘ ሁለት ሆነን ቤቱ እንሄዳለን። የሚያስቆጣ ነገር ያነበበ ሰው መልሱን ጽፎ ያሳድረዋል፤ ጠዋት አንብቦት ደግ ከመሰለው ይልከዋል። ካደሩት መልሶች አብዛኞቹ ሳይላኩ ቀርተዋል። አንድ ሰው ሲታማ አይቶ ዝም ያለም እንዳማ ይቆጠራል። ይህ ደንብ ቅዱስ አላደረገንም፤ አሁንም እንሳሳታለን። ግን ከበፊቱ ዘግይተን ነው የምንሳሳተው፤ መዘግየቱም ጠቅሞናል።

ጋሼስ? አሁን ሰላም ይሉናል። በበዓል ቤታቸው እንሄዳለን፤ ቡና ያፈሉልናል። ገንዘብ ያዥነቱን ግን እምቢ ብለውናል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይሉ የለ።

በመጨረሻ ወደ ጴጥሮስ እንመለስ። ያ ታቦር ላይ ቸኩሎ የተናገረ ሰው በዕድሜው ማምሻ ደብዳቤ ጻፈ። በመጀመሪያው መልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ ሕይወትን የሚወድ ምላሱን ከክፉ እንዲከለክል ያስተምራል፤ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀንም በየዋህነት እንድንመልስ ይመክራል። በሁለተኛው መልእክቱ በ1ኛው ምዕራፍ ደግሞ ያችን የተራራ ቀን ያነሣታል። እኛ ብንሆን ኖሮ ሦስቱን ዳስ እንዴት ልንሠራ እንዳሰብን እናወራ ነበር። ጴጥሮስ ግን ዳሶቹን አላነሣቸውም። የጻፈው ከሰማይ ስለሰማው ድምፅ ነው። የተናገረውን ትቶ የሰማውን ያዘ።

ለሚመጣው ቡሄ ደብረ ታቦር የምትሄዱ፣ ጅራፉን አጩኹት፤ ሙልሙሉንም ብሉ። ከዚያ ግን ሉቃስ 9ን ገልጣችሁ አንብቡት። አንብባችሁም ወዲያው አትለጥፉት፤ ቅር ያሰኛችሁት ሰው ካለ ግን ደውሉለት።

ቸር ያሰንብተን።